ከሩቅ ስለሚታዘዝ ስልክ



ስልክ ለአገራችን አዲስ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ገደማ፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ሽቦ የመዘርጋቱ ሥራ ከታሰበ ወዲህ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። በ1945 ዓ.ም. ሥራውን የሚመራ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ቆመ፤ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት፣ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ሞባይል ገባ። ይህን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁና አላረዝመውም። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ ያሰብሁት ከስልክና ከኢንተርኔት ተዋልዶ ስለ ተገኘው ስለ ሌላው ዐይነት ስልክ ነው። መልኩ እንደ ዱሮው የቢሮ ስልክ ነው፤ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ እጀታ አለው፤ ይጮኻል። ነገር ግን ከኋላው የተሰካው ገመድ የስልክ ሽቦ ሳይሆን የኮምፒዩተር ገመድ ነው። ከዚህም ስልክ ጠባይ ዋና አድርጌ የምጽፈው አንዱን ብቻ ነው፤ ይኸውም ባለቤቱ ቢቸና ወይም ሞጣ ተቀምጦ ሳለ፣ ስልኩን የሚያዝዘውና የሚያስተካክለው ሰው አዲስ አበባ ወይም ከዚያ የራቀ አገር ሊሆን መቻሉ ነው።

«ስልክ ድሮስ የሩቅን ሰው ሊያነጋግር አይደለም ወይ የተሠራው? ይህ ምን ይገርማል?» የሚል አይጠፋም። በስልክ የሩቅን ሰው ማነጋገር አንድ ነገር ነው፤ የስልኩን አንጎል ከሩቅ መክፈትና መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱ እንዲታይ በመጀመሪያ የዱሮውን እንመልከት።

የዱሮው ስልክ ራሱ ምንም አያውቅም ነበር። አፍ፣ ጆሮ፣ ደወልና ማዞሪያ ብቻ ነበረው። ዕውቀቱ ሁሉ የተከማቸው በስልክ ቤቱ፣ በስልከኛው እጅ ነበር። ማዞሪያውን ያዞረ ሰው ስልከኛውን ያገኛል፤ «ከደብረ ማርቆስ አገናኘኝ» ይለዋል፤ ስልከኛውም ገመዱን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ሰክቶ ያገናኘዋል። ስልኩ ዝም ቢል የሚጠረጠረው ወይ ዕቃው ወይ ሽቦው ነው። ሽቦው የሆነ እንደ ሆነ የመስመር ሠራተኛው ምሰሶ ምሰሶውን እየተከተለ በእግሩ ሄዶ፣ የተበጠሰውን ፈልጎ ይቀጥላል። ብልሽቱ ሁልጊዜ ቦታ አለው፤ ሰውም ወደዚያ ቦታ መሄድ አለበት።

የኢንተርኔቱ ስልክ ግን ራሱ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የሚናገረውን ሰው ድምፅ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልክ በ8 ቢት ይጽፋል። 8,000 በ8 ሲባዛ 64,000 ይሆናል፤ የአንድ ሰው ንግግር በሴኮንድ 64,000 ቢት ማለት ነው። ይህን በየ20 ሚሊሴኮንዱ እየቆረጠ 160 ባይት የሚመዝን እሽግ ያበጃል፤ በሴኮንድ 50 እሽግ ይወጣል። ደብዳቤ ያለ ፖስታና ያለ አድራሻ እንደማይላክ ሁሉ፣ በእያንዳንዱ እሽግ ላይ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ የሚጻፍበት ሌላ 40 ባይት ይጨመራል። ስለዚህ ጠቅላላው በሴኮንድ 80,000 ቢት ይመጣል፤ የሒሳብ መምህራኖቻችን እንደሚፈትሹት ተስፋ አለኝ። መንገዱ ጠባብ በሆነበት አገር ድምፁን በሴኮንድ ወደ 8,000 ቢት የሚያጥፍ ዘዴም አለ። ያን ጊዜ ጭነቱ 20 ባይት፣ ኮርቻው 40 ባይት ይሆናል፤ በአህያ ቢሆን ኖሮ ማንም ነጋዴ አይስማማም ነበር። ቢሆንም በጠቅላላው ከቀድሞው ከሢሶ ያነሰ መንገድ ስለሚይዝ ይጠቅማል።

እንግዲህ ይህ ትንሽ ኮምፒዩተር ከሳጥኑ ሲወጣ ገና ምንም ያልተነገረው ነው። ቁጥሩ ስንት እንደ ሆነ፣ የሚስጥር ቃሉ ምን እንደ ሆነ፣ ማንን ጠይቆ መስመር እንደሚያገኝ፣ ሰዓቱ ስንት እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ ከጠረጴዛው ሲነሣ ጥሪው ለማን እንደሚተላለፍ፣ ወደ ውጭ አገር ለመደወል የተፈቀደለት መሆኑንና አለመሆኑን አንድ ባንድ ሊያስተምሩት ያስፈልጋል። በአንድ ስልክ ውስጥ ሊለወጡ የሚችሉት እንዲህ ያሉ ነገሮች በመቶ የሚቈጠሩ ናቸው። አንድ ሠራተኛ በትንሿ መስኮት ላይ ጣቱን እየጫነ ይህን ሁሉ ቢጽፍ አንዱን ስልክ ሲጨርስ ይመሻል፤ ሠላሳ ስልክ ቢሆንስ? በሠላሳው ላይ ደግሞ በእጅ ሲጻፍ ስሕተት ሳይገባ አይቀርም። ከሩቅ የማስተካከል ጥበብ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው።

ነገሩን በምሳሌ እናድርገው። እንበልና አንድ የጤፍ ነጋዴ በቢቸና መደብር፣ በሞጣ ደግሞ መጋዘን አለው፤ ለሁለቱ ቦታ ዐሥር የኢንተርኔት ስልክ ሊያስገባ ፈልጓል። ስልኩን የሚያቀርብለት ፈቃድ ያለው ድርጅት አዲስ አበባ ነው። ሠራተኛው ዐሥሩን ስልክ ለማስተካከል የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ደጀን ላይ ወጥቶ፣ ቢቸና አድሮ፣ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ መድረስ የለበትም። ስልኮቹ በሳጥናቸው እንዳሉ በአውቶቡስ ይላካሉ። በእያንዳንዱ ስልክ ጀርባ ላይ ዐሥራ ሁለት ምልክት ያለው መለያ ተለጥፏል፤ ማክ አድራሻ ይባላል፤ በዓለም ላይ ሁለት ስልክ አንድ ዐይነት መለያ እንዳይኖረው ተብሎ በፋብሪካ የሚሰጥ ነው። ሠራተኛው ይህን መለያ አስቀድሞ መዝግቦታል። ለእያንዳንዱም መለያ፣ ስልኩ ማወቅ የሚገባው ነገር ሁሉ የተጻፈበት አንድ የማስተካከያ ፋይል አዘጋጅቶ በሰርቨር ላይ አኑሮታል።

ሞጣ ያለው የመጋዘን ጠባቂ ሳጥኑን ከፍቶ ገመዱን ሲሰካ ስልኩ በመጀመሪያ ከራውተሩ የቤት አድራሻ ይለምናል። ቀጥሎም «ትእዛዜ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ብዙ ጊዜ ራሱ ራውተሩ ይነግረዋል። ያልነገረው እንደ ሆነ ግን ስልኩ በፋብሪካ ሲሠራ ወደ ተጻፈበት አድራሻ፣ ወደ ሠራው ኩባንያ ሰርቨር ይሄዳል፤ ያሊንክና ግራንድስትሪም የተባሉት ስልክ ሠሪዎች እንዲህ ያለ አገልግሎት አላቸው። በዚያም «እኔ መለያዬ ይህ ነው፤ የማን ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ኩባንያውም «አንተ አዲስ አበባ ያለው የእገሌ ድርጅት ነህ፤ ወደዚያ ሂድ» ብሎ ይልከዋል። ሞጣ የተሰካ ስልክ ጌታውን ለማወቅ ባሕር ተሻግሮ ጠይቆ ተመለሰ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ጠባቂው ካርቶኑን አጣጥፎ ሳይጨርስ ነው። ስልኩ ፋይሉን አውርዶ፣ አንብቦ፣ ሞቶ ይነሣል፤ ከዚያም በመስኮቱ ላይ ስሙና ቁጥሩ ይታያል።

ቁጥሩ ከታየ በኋላ ስልኩ «አለሁ፤ ጥሪ ቢመጣ እዚህ ነኝ» እያለ ለማዕከሉ በየጊዜው ያስታውቃል። ስልኮችና ማዕከሎች የሚነጋገሩበት ይህ ደንብ ሲፕ ይባላል፤ ዛሬ የሚሠራበት ጽሑፍ የታተመው በ1994 ዓ.ም. ነው። ማስታወቁ የሚደጋገምበት ምክንያት አለ። ራውተሩ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ከውስጥ የወጣውን ሰው ሲመለስ ያስገባዋል፤ ከውጭ የመጣውን ባዕድ ግን ከበር ይመልሰዋል። ስልኩ ከወጣ ብዙ የቈየ እንደ ሆነ ዘበኛው ይረሳዋል፤ ከማዕከሉ የሚመጣው ጥሪም እንደ ባዕድ ተቈጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ ስልኩ አንድም ሰው ሳይደውልበት ቀኑን ሙሉ ወጣ ገባ ይላል። «እኔ ስደውል ይሠራል፤ ሰው ሲደውልልኝ ግን አይጮኽም» የሚለው የተለመደ አቤቱታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚሁ ከዘበኛው መርሳት ነው፤ መድኃኒቱም ስልኩ ቶሎ ቶሎ ብቅ እንዲል በማስተካከያው ፋይል ላይ አንድ ቁጥር መለወጥ ነው።

ከዚያ በኋላ አስተዳዳሪው (የወረዳውን ማለቴ አይደለም) በማዕከሉ ተቀምጦ ዐሥሩንም ስልክ በአንድ ገጽ ላይ ያያቸዋል። የቢቸናው ጸሐፊ ወደ ሞጣ ቢዛወር በሁለት ፋይል ላይ ሁለት መስመር ይለውጥና ስልኮቹን «ትእዛዛችሁን ደግማችሁ አንብቡ» ይላቸዋል፤ ጸሐፊው ሞጣ ሲደርስ ቁጥሩ ቀድሞት ደርሷል። ድምፅ ተቈራረጠ የሚል አቤቱታ ሲመጣ ከመቶ እሽግ ስንቱ በመንገድ እንደ ጠፋ ይመለከታል። ስልክ ሠሪው ኩባንያ አዲስ ፕሮግራም ሲያወጣ ሰው በተኛበት በሌሊት ይጭንላቸዋል። በቤታችን የምናውቀው የዚህ ነገር ታናሽ ወንድም አለ፤ አዲስ ሲም ካርድ በሞባይል ውስጥ ሲገባ ከድርጅቱ በመልእክት የሚመጣውና ሁላችንም «ሴቲንግ» የምንለው እርሱ ነው። የፋይበር ገመድ በገባበት ቤትም በግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ትንሽ ሳጥን እንዲሁ ከማዕከል ትታዘዛለች።

ይሁን እንጂ ከሩቅ የማይቻል ነገር አለ። አስተዳዳሪው አይጥ የበላውን ገመድ ሊቀጥል አይችልም። የወለቀ መሰኪያ መልሶ ሊሰካ አይችልም። ስለዚህ በቦታው አንድ እጅና ሁለት ዐይን ያስፈልገዋል፤ ይህም ሰው ብዙ ጊዜ የመጋዘኑ ጠባቂ ወይም ጸሐፊዋ ናት። «ጋሼ፤ ግድግዳው ላይ ያለችውን ሳጥን ይመልከቱልኝ፤ ስንት መብራት ይበራል?» ይላል የአዲስ አበባው ልጅ በሞባይል። «ሦስት ነው ልጄ፤ አንደኛው ቀይ ነው።» ይህች አጭር መልስ የሁለት ቀን መንገድ ታድናለች። በእኔ አስተያየት ከሩቅ የማስተዳደር ሥራ እኩሌታው ይህ ነው፤ የማያየውን ነገር በሌላ ሰው ዐይን ለማየት ትዕግሥትና ጨዋነት ያለው፣ ሽማግሌውን ሳያጣድፍና ሳያሳፍር የሚጠይቅ ሠራተኛ ኮምፒዩተር ብቻ ከሚያውቀው ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለአገራችን በወሬ ብቻ የሚታወቅ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት ወረዳኔት የተባለውን መረብ ዘርግቶ የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ማገናኘት ጀመረ። በዚህ መረብ እንዲሰጡ ከታሰቡት አገልግሎቶች መካከል በምስል የሚደረግ ስብሰባ፣ መልእክትና የኢንተርኔት ስልክ ይገኙበታል። የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ቢቸና፣ የሁለት እጁ እነሴ ደግሞ ሞጣ መሆናቸውን ታውቃላችሁ፤ እንዲህ ያሉ ከአዲስ አበባ የራቁ የወረዳ ከተሞች ናቸው የመረቡ ዋና ምክንያት። በመቶ የሚቈጠር ወረዳ ውስጥ ላለው መሣሪያ ሁሉ ባለሙያ መላክ አይቻልምና፣ መረቡ ከማዕከል እንዲታይና እንዲስተካከል ሆኖ መሠራቱ ግድ ነበር።

ሽቦ ባልደረሰበት አገር መረቡ በሳተላይት ነበር የሚሄደው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጣል። ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ሲወርድ 72,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ የሬዲዮ ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ወደ ሩብ ሴኮንድ ይፈጅበታል። ጠይቆ መልስ እስኪሰማ ድረስ ግማሽ ሴኮንድ ሆነ። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ መልስ ሲዘገይበት ሰው ደግሞ «ሃሎ» ይላል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው መልስ ይደርስና ሁለቱ ይጋጫሉ። ይህን ማንም አስተዳዳሪ በማስተካከያ ፋይል ሊያቃናው አይችልም፤ መድኃኒቱ በምድር የሚዘረጋ ፋይበር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። የስልኩ ባለቤት ማን ነው? ነጋዴው ገንዘቡን ከፍሏል፤ ስልኩ በጠረጴዛው ላይ ነው፤ ደረሰኙም በኪሱ አለ። ነገር ግን ማስተካከያውን የያዘው ሰው የስልኩን ቁጥር ሊለውጥ፣ ጥሪውን ወደ ሌላ ሊያዞር፣ ማን ለማን መቼ እንደ ደወለ ሊያይ፣ ስልኩንም ዝም ሊያሰኝ ይችላል። የዱሮው ስልከኛም የከተማውን ምስጢር ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን እርሱን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ በገበያም በቤተ ክርስቲያንም ይገናኙታል። የዛሬው ስልከኛ ፊቱን አይተነው የማናውቅ ነው። ነጋዴው ከድርጅቱ ጋር ቢጣላና ሌላ ድርጅት ቢፈልግ፣ ስልኮቹ በቀድሞው ድርጅት የሚስጥር ቃል የተቈለፉ ከሆኑ አዲሱ ሰው ሊከፍታቸው አይችልም። ስለዚህ ወላጆቻችን ለመሥሪያ ቤታቸው ወይም ለንግዳቸው እንዲህ ያለ ስልክ ሲያስገቡ፣ ስለ ዋጋው ከመከራከራቸው በፊት አንድ ጥያቄ ቢያስቀድሙ መልካም ነው፤ «ውላችን ያበቃ ዕለት ቁልፉን ታስረክቡኛላችሁ ወይ?» መልሱም በውሉ ላይ ቢጻፍ።

ቁልፉ በደግ ሰው እጅ ቢሆን እንኳ በሩ ከተከፈተ ሌላ ሰው ሊገባበት ይችላል። በኅዳር 2009 ዓ.ም. በጀርመን አገር የሆነው ይህ ነው። ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን ራውተር ከሩቅ የሚያዝዙበት፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋ አንድ ደንብ አለ። ክፉ ሰዎች ለዚህ ደንብ የተተወውን በር በየቤቱ እያንኳኩ ራውተሮቹን የራሳቸው አገልጋይ ሊያደርጉ ሞከሩ። ሙከራው በጀርመን ባይሳካላቸውም፣ የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች ከሆኑት ውስጥ 900,000 ያህሉ ራውተራቸው ደነዘዘ፤ ኢንተርኔቱም ስልኩም ቴሌቪዥኑም አብሮ ተቋረጠባቸው። አንድም ሰው ገመድ አልቈረጠም። ከሩቅ ለመጠገን የተተወው በር ከሩቅ ለማበላሸትም ሆነ።

ከዚህ ያነሰ፣ ነገር ግን ቶሎ ቶሎ የሚደርስ ጉዳትም አለ። ስልኩ ከፋብሪካ ሲመጣ የሚስጥር ቃሉ ሁሉም ሰው የሚያውቀው «አድሚን» የሚለው ቃል ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለውጥ የተወ ባለቤት መሥሪያ ቤቱን ዘግቶ ሲሄድ ሌባ በኢንተርኔት ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ በእርሱ ሒሳብ ወደ ሩቅ አገር፣ ለደወለው ሁሉ ገንዘብ ወደሚያስከፍል ቁጥር ይደውላል። ከትርፉም ድርሻ አለው። ባለቤቱ የሚያውቀው የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ነው። ጥሩ አስተዳዳሪ የቢሮውን ስልክ ከማታ እስከ ጠዋት ወደ ውጭ አገር እንዳይደውል ከማዕከሉ ይከለክለዋል፤ አንድ መስመር በመጻፍ የሚሠራ ሥራ ነው።

ደግሞ የመብራት ነገር አለ። የዱሮው ስልክ ብዙ ጊዜ ኃይሉን የሚያገኘው ከስልክ ቤቱ ባትሪ፣ ድምፁ በሚመጣበት በዚያው ሽቦ ነበር፤ 48 ቮልት ነበረ። ከተማው ሁሉ ቢጨልም ስልኩ ይሠራል። የኢንተርኔቱ ስልክ ግን ኃይሉን የሚያገኘው ከተቀመጠበት ቤት ነው። በኮምፒዩተር ገመድ ውስጥ ኃይል የሚያሳልፍ ስዊች አለ፤ እርሱም ወደ 48 ቮልት ነው የሚልከው፤ ነገር ግን ስዊቹ ራሱ ከግድግዳው መብራት ይለምናል። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ፣ ስዊቹና ስልኩ አብረው ይሞታሉ፤ የአዲስ አበባው አስተዳዳሪም ዐሥሩን ስልክ በአንድ ጊዜ ሲያጣ ማድረግ የሚችለው ወደ ጠባቂው ሞባይል መደወል ብቻ ነው። በየጊዜው መብራት በሚጠፋበት ከተማ የጤና ጣቢያን ስልክ ያለ ባትሪ በኢንተርኔት ላይ ብቻ ማኖር በጣም አደገኛ ነው እላለሁ። በዚያ ላይ የኢንተርኔቱ መንገድ ራሱ ሊዘጋ ይችላል፤ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት መቈየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ብቻ የተተከለ ስልክ ያን ጊዜ ዕቃ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ቦታውም ያሳስታል። ስልኩን ከቢቸና ነቅሎ ሞጣ የሰካው ሰው ቁጥሩ አይለወጥበትም፤ ይህ ለንግድ ምቾት ነው። እሳት ተነሥቶ እርዳታ ሲጠራ ግን የሚሰማው ሰው ስልኩ በተመዘገበበት በቢቸና ነው ብሎ ያስባል። አሜሪካኖች በዚህ ስለ ተቸገሩ በ1997 ዓ.ም. የኢንተርኔት ስልክ የሚሸጡ ድርጅቶች የአደጋ ጥሪን ከደዋዩ አድራሻ ጋር እንዲያደርሱ ደንብ አወጡ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሕጉ እሄዳለሁ። ስልኩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይወስዳል፤ እኛ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ስንል እርሱ ዘጠኝ ይላል። ይህን አይቶ «ተሳስቷል» ብሎ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሰው አለ፤ ያስ ግድ የለም። ዓመተ ምሕረቱንም በእኛ አቈጣጠር አድርጎ የጻፈ ግን ስልኩን ያሳውረዋል። ምክንያቱም ስልኩ ከሰርቨሩ ጋር በምስጢር ሲነጋገር የሰርቨሩን መታወቂያ ይመረምራል፤ በመታወቂያውም ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይጸናል የሚል ጽሑፍ አለ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ ስልክ «ይህ መታወቂያ ገና አልተወለደም» ብሎ ትእዛዙን አልቀበልም ይላል። አውሮፓ የተቀመጠ አስተዳዳሪ ይህን ብልሽት ሲፈልግ ሊውል ይችላል፤ የእኛ ልጅ ግን ባንድ እይታ ያውቀዋል።

ሕጉን በሚመለከት፣ የኢንተርኔት ስልክን እንደ ፈለጉ ለሰው መሸጥ በአገራችን የተፈቀደ ሥራ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት በጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ፈቃድ የሚሰጠውም እርሱ ነው። ብዙ ዘመን ብቻውን የነበረው የመንግሥት ድርጅት፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም የተባለው፣ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ተወዳዳሪ አገኘ። ስልክ መሸጥና የሌላውን ስልክ ማስተካከል ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የጥሪ አገልግሎት የሚሰጠው ባለፈቃዱ ነው፤ ፋይሉን የሚጽፈው፣ መብራቱን የሚያስቈጥረው፣ እሽጉን የሚመረምረው ደግሞ የእርሱ ተቀጣሪ ነው። ይህ ተቀጣሪ የግድ አዲስ አበባ መኖር የለበትም። ቢቸና ያለው ስልክ ከአዲስ አበባ ሊታዘዝ ከቻለ፣ የአዲስ አበባውም ከቢቸና ሊታዘዝ ይችላል፤ መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ነው። የጎደለው የማይቋረጥ መብራትና መስመር፣ እንዲሁም የሠለጠነ ሰው ነው።

ሥልጠናውን በትምህርት ቤት ግቢ መጀመር ይቻላል። አስተሪስክ የሚባል፣ ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ የጀመረው፣ ከ1992 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ ተራ አሮጌ ኮምፒዩተርን ወደ ስልክ ቤት ይለውጠዋል። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር፣ አንድ ስዊች፣ ሁለት ያገለገሉ የኢንተርኔት ስልኮችና ጥቂት ሜትር ገመድ ይበቃሉ፤ ኢንተርኔትም አያስፈልገውም፤ ከግቢው አጥር አይወጣም። አንዱን ስልክ በቤተ መጻሕፍቱ፣ ሁለተኛውን በቤተ ሙከራው አኑሮ፣ ማስተካከያውን ከኮምፒዩተሩ ክፍል ሳይወጡ መለወጥ ይቻላል። የቤተ መጻሕፍቱን ቁጥር ለቤተ ሙከራው ሰጥቶ ስልኮቹን «ደግማችሁ አንብቡ» ማለትና በየትኛው ክፍል እንደሚጮኽ ማዳመጥ ነው። የሳይንስ ክበባችን አባላት ይህን በሚቀጥለው ዓመት ለመሞከር አስበዋል፤ በቤቱ የማይሠራበት አሮጌ ስዊች ወይም የተረፈ ገመድ ያለው ወላጅ ለክበቡ መምህር ቢሰጥልን በደስታ እንቀበላለን።